ለብቻው የሚነሳ መስመር

ተከራይ መሆኔን ያወቅሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ በተወለድኩበት ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ፣ የመጥረጊያ እንጨት በእጄ ይዤ ነው። መብራት ድርግም ብሎ ነበር። እንደ ደንቡ ከጓሮ ክፍሌ ወጥቼ፣ ግቢውን ዞሬ፣ የወንድሜ ሚስት ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ገባሁ። ከጫማ መደርደሪያው በላይ ወዳለው የብሬከር ሳጥን እንጨቴን ላነሳ ስል፣ የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ ኖሮ የእንግዳ ድምፅ ሰማሁ። "ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ?" አለች እንግዳዋ። የወንድሜ ሚስት የሥራ ባልደረባ ናት፤ ወደዚህ ቤት ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። "ኧረ አልሄደም" አለች የወንድሜ ሚስት፣ "ከጀርባ ያለችው ተከራያችን ናት። ካውያዋን በሰካች ቁጥር እንዲህ ታደርገናለች። ደግነቱ በቅርቡ ትለቃለች።" እንግዳዋ "ውይ፣ የዘንድሮ ተከራይ!" አለችና ሁለቱም ሳቁ።

እንጨቱን ሽቅብ ገፋሁት። ብሬከሩ ቀጭ አለ፣ ማቀዝቀዣው አጉረምርሞ ተነሳ፣ እንግዳዋም "መጣ፣ መጣ" አለች። ማን እንዳመጣው አልጠየቀችም። ጫማዬን አጥልቄ ግቢው መሀል ስደርስ ነው አንጀቴ እርር ያለው። ተከራይ መባሌ አንድ ነገር ነው፣ ትለቃለች መባሌ ሌላ ነገር ነው፤ ከሁሉ የባሰው ግን ካውያዬ ያን ጊዜ ጨርሶ አለመሰካቱ ነው። ገና ፊቴን መታጠቤ ነበር። ካውያው መቆሚያው ላይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፣ ገመዱ እንኳን ከትናንት እንደተጠቀለለ ነው። ማድ ቤት ምድጃው ላይ ለእንግዳ የሚሆን ነገር ተጥዷል፣ የውሃ ማሞቂያው ከማለዳ ጀምሮ በርቷል፤ ሁለቱ ተጋግዘው የጣሉትን ብሬከር እኔ በባዶ እግሬ ሄጄ አነሳሁ፣ ስድቡንም እግረ መንገዴን ተቀብዬ ተመለስኩ።

ይህን ደንብ ያወጣው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም። ወንድሜ ሚስት ሲያገባ በኔ ክፍልና በኮሪደሩ መካከል የነበረው በር በብሎኬት ተደፈነ። "ላንቺም ነፃነት ነው እትዬ" አለኝ፤ እኔም የዋህ አመንኩት። በበሩ በኩል የሚመጣው መብራት አብሮ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ክፍሌ የሚኖረው ከማድ ቤቱ መስኮት ወጥቶ፣ የልብስ ማስጫውን ተደግፎ፣ በኔ መስኮት በሚገባ አንድ ኤክስቴንሽን ነው። አምፖሌም፣ የስፌት መኪናዬም፣ ካውያዬም በዚያ ላይ ናቸው። ካውያው ኃይለኛ ስለሆነ፣ ከመሰካቴ በፊት መስኮቴን ከፍቼ ወደ ማድ ቤት "ልሰካ?" ብዬ እጣራለሁ። እዚያ ያለው ሰው ደስ ካለው "ስኪ" ይለኛል፤ ካላለው "ቆይ"። ብዙውን ጊዜ ቆይ ነው። ምሳ እስኪበስል ቆይ፣ ውሃ እስኪሞቅ ቆይ፣ ፀጉሯን እስክታደርቅ ቆይ፣ ቴሌቪዥን ላይ ኳሱ እስኪያልቅ ቆይ። በዚህ ግቢ ውስጥ ለመሰካት የምትጠይቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ብሬከሩ ሲወርድ የምትወነጀለውም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምታነሳውም እኔ ነኝ። ታላቅ እህት ነኝ እንግዲህ፣ የዛሬውን አባወራ አዝዬ ያሳደግኩ። እትዬ ይሉኛል፤ አክብሮታቸው እዚያችው ላይ ያበቃል።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋዬ፣ የስፌት መኪናዬ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬና የጨርቅ ጥቅል ተሸጋሽገው ነው የሚኖሩባት። ያን ሰሞን መንገድ ዳር ለተከፈተ ክሊኒክ መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር፤ ኃላፊዋ ሽንሽኑ ቢላ እንዲመስል ትፈልጋለች፤ ካውያ የሌለው ሽንሽን ደግሞ ሽንሽን ሳይሆን ጭምድድ ነው። ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ግን የማስበው ስለ ክሊኒኩ አልነበረም። "በቅርቡ ትለቃለች" የሚለው ነው በጆሮዬ የቀረው። በቀደም ወንድሜ ከግቢው በር እስከ ክፍሌ ግድግዳ በእርምጃ ሲለካ አይቼው ነበር። "ምን ትለካለህ?" ስለው "ዝም ብዬ ነው" አለኝ። ዝም ብሎ የገዛ ግቢውን የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም። መኪና ሊገዛ እንዳሰበ ሰምቻለሁ። አሁን ሁለቱ ነገር ተጋጠመልኝ፤ መኪናዋ የምትቆመው እኔ የምተኛበት ላይ ነው።

ማልቀስ እችል ነበር፤ ለቅሶ ደግሞ መብራት አይጠይቅም፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ማልቀስ መብቴ ነው። ግን አላሰኘኝም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ሻርፔን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁና መንገዱን ተሻግሮ ወዳለው የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ከመደርደሪያው ላይ ቀጭኗን ሽቦ አወረደልኝ። "ለምን ነበር?" አለኝ። "ለካውያ፣ ለስፌት መኪና፣ ነገ ደግሞ ለምገዛው ነገር ሁሉ" አልኩት። "ለካውያማ ይቺ ትበቃለች" አለ። "ወፍራሙን ስጠኝ።" "ወፍራሙ ውድ ነው፤ ደግሞ ይበዛል።" "ይብዛ" አልኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ፤ ቢሆንም ለክረምት ጫማ ያስቀመጥኩትን አውጥቼ ሰጠሁት። የድሮው ጫማዬ አንድ ክረምት ይጨምር፤ ከማን አንሶ።

የሱቁ አግዳሚ ላይ ሥራ የሚጠብቅ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ፤ ሰፈሩ ቀስ በሉ ይለዋል፤ ሕፃንም ሆነ ሽማግሌ "ቀስ በሉ" ሳይል የሚያናግረው ሰው ስለሌለ ነው። ፈሪ ነው ይባላል፤ ከመብራት ጋር ለሚውል ሰው ፍርሃት ነውር አይመስለኝም። የምፈልገውን ነገርኩት፤ ከሳጥኑ ለብቻው የሚነሳ፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ማንም የማይጋራው መስመር። "ቀስ በሉ" አለኝ፣ "ወንድምዎ ያውቃል?" "ያውቃል" አልኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ማወቁ ስለማይቀር ብዙም አልዋሸሁም። ብሬከርና ሶኬት አስጨምሬ፣ የሽቦውን ጥቅል ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ እሱ ከነመሰላሉ እየተከተለኝ ግቢ ስገባ፣ የወንድሜ ሚስት እንግዳዋን እየሸኘች ነበር።

እንግዳዋ ደግ ሴት ትመስላለች። ሽቦውን ስታይ አዘነችልኝ። "ውይ እህቴ፣ ሊለቁ አይደለም እንዴ? በሰው ቤት ይሄን ሁሉ ከሚያወጡ ..." አለችኝ። የወንድሜ ሚስት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያን ጊዜ ምራቄን ዋጥ አድርጌ ማለፍ ነበር ያደግኩበት ወግ። "የትም አልሄድም የኔ እመቤት" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "እኔ የባሏ ታላቅ እህት ነኝ። የተወለድኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ካውያዬም ጠዋት አልተሰካም ነበር።" እንግዳዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጓደኛዋን አየችና ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወጣች። የግቢው በር ሲዘጋ ሁለታችን ቆመን ቀረን። የወንድሜ ሚስት ፊቷ በርበሬ መስሏል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤት ገባች።

ቀስ በሉ የግቢው በር አጠገብ ካለው ቆጣሪ ዋናውን ፊውዝ ነቀለ። የድሮ ዓይነት ነው፣ ነጭ ሸክላ፣ መዳፍ የሚሞላ። ቤቱ ሁሉ ጭጭ አለ። ፊውዙን ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል "ለምን ኪስህ ትከተዋለህ?" አልኩት። "እጄ ሳጥን ውስጥ እያለ አንዱ ምን አውቆ መጥቶ ቢመልሰውስ? እኔ ሁሌ እይዘዋለሁ።" "እንግዲያው ለኔ ስጠኝ" አልኩ። ተቀበልኩትና የሽርጤ ኪስ ውስጥ፣ ከመቀሴ አጠገብ ጨመርኩት። ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብተን ግድግዳውን ማንኳኳት ያዘ። አባታችን የሠራው ግድግዳ ድፍን ድንጋይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ድምፁ ተለወጠ። "እዚህ ጋ ብሎኬት ነው" አለ። "በር ነበር" አልኩት። "እንግዲያማ መውጫው እዚህ ነው፤ ከጀርባው ኮሪደሩ ነው፣ ሳጥኑም ቅርብ ነው" አለና መሮና መዶሻውን አወጣ፤ ከዚያ እጁ ላይ ቀረ። "ቀስ በሉ እህቴ። ሽቦ መዘርጋት ሌላ፣ ግድግዳ መብሳት ሌላ። እኔ ከሰው መጣላት አልወድም። የቤቱ ባለቤት ይምጣና በአንድ አፍ ይንገሩኝ።" "የቤቱ ባለቤት እያነጋገረችህ ነው" አልኩት። "እሱማ ልክ ነዎት ..." አለና መሮውን መልሶ ሊከተው ሆነ። "አምጣው ወዲህ" አልኩ።

ሽንሽን የሚያጥፍ እጅ መዶሻ አይችልም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። የመጀመሪያው ምት መሮውን አንሸራቶ አውራ ጣቴን መታኝ። ሁለተኛው ቀለሙን ላጠው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ምት ለአንድ ቆይ ሰጠሁት። ይሄ ምሳ እስኪበስል፣ ይሄ ፀጉሯ እስኪደርቅ፣ ይሄ ኳሱ እስኪያልቅ። ቀስ በሉ ጥግ ቆሞ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ይላል፤ አቧራው ዓይኔን ሞላው፣ ሻርፔ ነጭ ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ያረጀ ነገር እየሰበርኩ ያለሁ ያህል ደስ አለኝ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ቆዳውን ካለፉ በኋላ ብዙ አያለፋም። በድንገት መሮው ወዲያ ማዶ ጥልቅ ብሎ ገባና ከኮሪደሩ በኩል ጩኸት ተሰማ። "ካፖርቴ! እንዴ! ካፖርቴ!" የድሮው በር የነበረበት ላይ የልብስ መስቀያ መኖሩን ዘንግቼው ነበር። ካፖርቱ ተገፍቶ ሲነሳ ቀዳዳው በራ፣ በቀዳዳውም የወንድሜ ሚስት ዓይን ታየኝ።

"አብደሻል እትዬ" አለችኝ። "ያበደች ተከራይ ናት በያቸው" አልኳት። ቀስ በሉ ሲጋራ ሊያጨስ ነው በሚል ሰበብ ሹልክ ብሎ ወጣ። የቀረነው ሁለት ሴቶች ነን፣ በመሀላችን የጡጫ ያህል ቀዳዳ። ፊት ለፊት ተገናኝተን ይህን ያህል ተያይተን አናውቅም። "ምን ልበላት ታዲያ?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በባዶ እግርሽ፣ እንጨት ይዘሽ ስትገቢ በበሩ ስንጥቅ አይታሻለች። የባሌ ታላቅ እህት ናት ልበላት? አፈርኩ እኮ።" "በማን ነው ያፈርሽው?" ስላት ካፖርቷን ማራገፍ ያዘች። ብዙ አራገፈችው። ከዚያ "እኔስ ብሆን" አለች፣ "እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አንዲት ሚስማር በራሴ ፈቃድ አልመታሁም። የሳሎኑን መጋረጃ እንቀይር ስለው 'አባቴ የሰቀለው ነው፣ እንዳለ ይቆይ' ይለኛል። አንቺ መጋረጃ ሰፊ ሆነሽ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅሽኝም።" "ያን መጋረጃማ አባታችንም አይወደውም ነበር" አልኳት። ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው መለሰችው። "ክፍሌን ልታፈርሱት ነው አይደል?" ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋት። ዓይኗ ከቀዳዳው ጠፋ። "ይቅርብሽ፣ ከሱ ስሚው" አለች። ይህም መልስ ነው።

ቀስ በሉ ሲመለስ ቀዳዳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና፣ ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ካረጋገጠ በኋላ ነፍስ ዘርቶ ሥራውን ጀመረ። ሽቦውን በቱቦ አስገብቶ ከኔ በኩል መግፋት ያዘ። "ወዲያ ማዶ የሚቀበለኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር" አለ። "ጫፉን ያዢልን" አልኩ በቀዳዳው። "አልይዝም" አለች የወንድሜ ሚስት። ቱቦው ትንሽ ሄደና ቆመ፤ እንደገና ተገፋ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ በድንገት ቀለለ፤ አንድ ሰው በወዲያኛው በኩል እየሳበው ነው። እስኪበቃ ሳበችው። "ካፖርቴን እንዳይነካብኝ ብዬ ነው" የሚል ድምፅ መጣ። ቀስ በሉ "ይባርክዎ" አላት።

ወንድሜ ለምሳ ሲመጣ ቀስ በሉ ዱካ ላይ ቆሞ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ሽቦዎቹ አፍጥጠው፣ ኮሪደሩ ዱቄት የተበተነበት መስሎ ነበር። ምድጃ ስለሌለ ምሳም የለም። ወንድሜ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ነው የሚያስፈራው። "ማን ላከህ?" አለው ቀስ በሉን። ያ ምስኪን ከዱካው ወረደ። "እትዬ ናቸው ... እኔማ 'ወንድሜ ያውቃል' ሲሉኝ ነው የመጣሁት።" "እንደነበረ መልሰህ ግጠምና ሂድ። ፊውዙንም ወደ ቦታው መልስ።" ቀስ በሉ በዓይኑ ወደኔ አመለከተ። "ፊውዙ እሳቸው ጋ ነው።"

"እትዬ፣ ፊውዙን አምጪ" አለኝ። እጁን ዘረጋ። "መስመሬ ሲያልቅ" አልኩት። "ማን ፈቀደልሽ?" "ዛሬ አልጠየቅሁም።" ሚስቱ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ እጇን በፎጣ ታደርቃለች፤ ውሃ ግን አልነካችም። ወንድሜ ሚስቱንም ሠራተኛውንም አየና ድምፁን አለሳልሶ፣ በልጅነቱ አንድ ነገር ሲፈልግ እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "እትዬ፣ እኔ እኮ ላንቺው ስል ነው" አለኝ። "መንገድ ዳር፣ ለደንበኛ የሚመች፣ የራሱ መብራት ያለው ቤት ፈልገን እንከራይልሻለን ብለን ስናስብ ነበር። ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር። አሁን መስመር ማስገባት ምን ያደርጋል? ነገ ለሚፈርስ ግድግዳ?" ይኸው፣ ከአፉ ወጣ። እሱም እንደወጣ አወቀ፤ ከንፈሩን ነከሰ።

"መኪናዋን የት ነው የምታቆማት?" አልኩት። "አልጋዬ ላይ ነው ወይስ ስፌት መኪናዬ ላይ?" እኔም ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም፤ አልፈለግሁምም። አባታችን መጀመሪያ የሠራው ያችን ክፍል ነው አልኩት። እናታችን አንተን የወለደችው እዚያ ነው፣ እትብትህ ሲቆረጥ ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህ ሳሎን፣ ይህ ኮሪደር፣ ይህ የምትኮራበት መታጠቢያ ቤት ሁሉ ከሷ ቀጥሎ የመጣ ነው፤ ቅጥያዎቹ እናንተ ናችሁ። ግማሹ የኔ መሆኑን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ልጆች የሉኝም፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ አንተ ደግሞ ዝምታዬን ወስደህ ግቢ ለካህበት። ከዚህ ወይ ፍንክች! ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ነው። ከፈለግህ እጅህን ክተትና ውሰደው።

እጁ እንደተዘረጋ ነበር። ትንሽ ወደኔ መጣ። ሽርጤ ጋ ሊደርስ ምንም ያህል አልቀረውም። ከዚያ ቆመ፤ ጣቶቹ ተሰበሰቡ። የታላቅ እህቱን ኪስ እንደሚፈትሽ ሰው ሆኖ ራሱን አየው መሰለኝ፤ ፊቱ ጠቆረ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አሳዘነኝ። አሳዘነኝ፣ ግን እጄን ከኪሴ አላነሳሁም። ማንንም ሳያይ ወደ ሳሎን ገባና በሩን ዘጋው። ቀስ በሉ ወደኔ ጠጋ አለ። "ይሄ ምን ማለታቸው ነው?" አለኝ በሹክሹክታ። "በሩን ዘጋ ማለት ነው" አልኩት። "ቀጥል።"

ሲጨርስ ከአሮጌዎቹ ብሬከሮች ጎን አንድ አዲስ ቆመ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ነጭ ነው፤ ያስታውቃል። ፊውዙን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ከኪሴ ሲወጣ ሞቆ ነበር። ቤቱ ነፍስ ዘራ። ቀዳዳውን ሰኞ ሲሚንቶ አምጥቶ እንደሚደፍነው ነግሮኝ፣ የሳሎኑን በር በጎሪጥ እያየ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። እኔ ክፍሌ ገባሁ። ካውያውን አነሳሁ፣ ገመዱን ፈታሁ፣ መስኮቴን ከፈትኩና ወደ ማድ ቤቱ "ልሰ..." ካልኩ በኋላ አፌን ያዝኩ። ልማድ ክፉ ነው። መስኮቱን ዘግቼ ሰካሁት። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ከዚያ አምፖሌንና የስፌት መኪናዬን ወደ አዲሱ መስመር አዛውሬ፣ ያን አሮጌ ኤክስቴንሽን ከማድ ቤቱ መስኮት ነቀልኩ፣ ከልብስ ማስጫው ላይ ፈታሁ፣ በክርኔ ጠቅልዬ ማድ ቤቱ በር እጀታ ላይ ሰቀልኩላቸው። የነሱ ነው፤ የሰው ዕቃ አልፈልግም።

ከሰዓቱን ሙሉ ሠራሁ። ካውያው እየተነፈሰ ሽንሽኑን አንድ በአንድ ያስተኛል፤ አምፖሌ አልተርገበገበም፤ ማንም ቆይ አላለኝም። በቀዳዳው በኩል የቤቱ ድምፅ ይመጣል፤ ያለፈው ምሳ ለእራት እየተሠራ ነው፣ ወንድሜ ማታ የአለቃው መሸኛ ግብዣ ስላለበት ውሃ ሞቆለት ገላውን እየታጠበ ነው፣ ሚስቱ ደግሞ ሸሚዙን ልትተኩስ የቤቱን ካውያ ፍለጋ ቁም ሣጥን ታንኳኳለች። ካውያውን ያገኘችው ይመስለኛል፤ ወዲያው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁና ማቀዝቀዣው ዝም አለ። ሌላ የጠበቅሁት ነገር አልነበረም። "እትዬ!" አለ የወንድሜ ድምፅ ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት፣ ሳሙና በአፉ እንደገባ ያስታውቃል፣ "እትዬ፣ ካውያውን ንቀዪው!"

ካውያው እጄ ላይ ነበር፣ ፍም ሆኖ። አምፖሌ ከጭንቅላቴ በላይ ቦግ ብሏል። እግሬ ግን ወደ ለመደው ቦታ ሊሄድ ተነቃነቀ፤ ጠረጴዛው ሥር አጥብቄ ተከልኩት። ጥቂት ቆይቶ ዱካው ምንጣፉ ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ የወንድሜ ሚስት ናት፤ ብሬከሩን አነሳችው። ምድጃው፣ ማሞቂያውና ካውያው እንደገና ተጋግዘው ጣሉት። ዱካው እንደገና ተጎተተ፣ በዚህኛው ጊዜ በወንድሜ እጅ ነው፣ አጎታተቱ ሻካራ ነው። እንደገና ወረደ። "ዛሬስ ምን አድርጋብን ነው?" አለ ወንድሜ። በቀዳዳው በኩል የሚሉት ሁሉ እንደሚሰማ የረሱት ይመስለኛል፤ ወይም እሷ አልረሳችም። "እሷ አይደለችም" አለች ሚስቱ፣ ቃሏን ግልጽ አድርጋ። "ጠዋትም እሷ አልነበረችም። ዱሮም ብዙውን ጊዜ እሷ አልነበረችም።" "ታዲያ ሸሚዜን በምን ልተኩሰው? ሰዓቱ እኮ ሄደ" አለ ወንድሜ። "የመስመሩን ባለቤት ጠይቃት" አለችው።

ቶሎ አልመጣም። ግቢውን ለመዞር ያን ያህል ጊዜ አያስፈልግም፤ የማድ ቤቱ ጥግ ጋ ቆሞ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ በሬ ላይ ጥላ ወደቀ። አላየሁትም፤ ዓይኔ ሽንሽኑ ላይ ነው።

"እትዬ" አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ልሰካ?"

"ቆይ" አልኩት።

ለቂም አይደለም። ትንሽ ለቂምም ነው። የያዝኩትን ሽንሽን እስከ ጫፉ አስተኛሁ፣ የሚቀጥለውን አጠፍኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ዳበስኩት፣ ካውያውን ጫንኩበት፣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። አልተነጫነጨም፣ አልሄደም። የመጨረሻውን ስጨርስ ካውያዬን ነቅዬ መቆሚያው ላይ አስቀመጥኩና ቀና አልኩ። ወንድሜ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሸሚዙን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ የካውያውን ገመድ እየጎተተ ቆሟል። የኔ ክፍል ምንጣፍ የለውም፤ የክር ቁርጥራጭ የሞላበት ሲሚንቶ ነው፤ ማንም ሰው አውልቅ ብሎት አያውቅም። እሱ ግን ነጠላ ጫማውን ደጃፌ ላይ አውልቆ፣ አስተካክሎ አስቀምጦ፣ በባዶ እግሩ ነበር የገባው።

"አሁን ስካ" አልኩት።